ስም ስለተመሳሰለ ዘመድ አይሆንም፦ ቅድመ አያቶችን ከአሮጌ መዝገብ ማፈላለግ

የዘር ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። «ከእገሌ ከሚባሉ ትልቅ ሰው እንወለዳለን» የሚለውን የቤተሰብ ወሬ ይዞ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሰው የፈለገውን ማግኘቱ አይቀርም፤ ክፍተቱን የሚሞላለት መዝገብ ሳይሆን ምኞቱ ነውና። መነሻው ራስዎ ነዎት። ከዚያ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ አያት፤ ይህ የዚያ ልጅ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ሳይያዝ ወደሚቀጥለው ትውልድ መሻገር የለም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቤት ይጀምሩ

ከማንኛውም ቤተ መዛግብት በፊት የሚቀድሙት በዕድሜ የገፉ ዘመዶች ናቸው፤ መዝገብ ይጠብቃል፣ ሰው ግን አይጠብቅም። «አያትዎ ማን ነበሩ?» ብሎ በደረቁ ከመጠየቅ አሮጌ ፎቶ ዘርግቶ «ይህች ማን ናት? ከጎኗ የቆመውስ? የት ሆናችሁ ተነሳችሁት?» ማለት ብዙ ትዝታ ይቀሰቅሳል። ሦስት ጥያቄዎች በተለይ አይዘለሉ፦ ሴቶቹ ከማግባታቸው በፊት የሚጠሩበት ስም፣ በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆች፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ጋብቻዎች። በኋላ መዝገብ ሲገለጥ ግራ የሚያጋቡት እነዚህ ናቸው። ድምፁን ይቅረጹ፤ ማን፣ መቼ እንደነገረዎት ከመልሱ ጎን ይጻፉ። ሁለት እህትማማቾች የተለያየ ዓመት ቢነግሩዎት አንዱን መርጠው ሌላውን አይሰርዙ፤ ሁለቱንም ይያዙ።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ያለው ወረቀት ነው፦ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የውትድርና ሰነድ፣ ፓስፖርት፣ ደብዳቤ ከነፖስታው (ማኅተሙ ላይ ቦታና ቀን አለ)፣ የፎቶ ጀርባ። ሁሉንም ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያንሱ።

ስሞቹ ሲበዙ እንዳይምታቱ ቁጥር ይስጧቸው። በአውሮፓ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው ዘዴ ቀላል ነው፦ እርስዎ 1፣ አባትዎ 2፣ እናትዎ 3። የማንኛውም ሰው አባት የሰውየው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናቱ እጥፉ ሲደመር 1። ስለዚህ 23 ቁጥር የ11 እናት ናት፣ 11 የ5 እናት፣ 5 የ2 እናት፤ በሌላ አነጋገር የአባትዎ እናት እናት እናት። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የየት መስመር መሆኑን ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ቦታው፣ ከዚያ ስሙ

ጀማሪ ስም ጽፎ «ፈልግ» ይላል። የለመደ ሰው ግን አስቀድሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ፣ ማን ይመዘግብ ነበር? መዝገቡስ ዛሬ የት ነው? በእንግሊዝ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ የታዘዘው በ1538 ነው፤ የመንግሥት ምዝገባ የጀመረው ግን በጁላይ 1837 ነው። በፈረንሳይ ምዝገባው ከቤተ ክርስቲያን ወደ መንግሥት የዞረው በ1792 ነው። የ1790 ልደትን በመንግሥት መዝገብ ውስጥ መፈለግ የሌለን ነገር መፈለግ ነው።

የጠፋውንም ማወቅ ድካም ይቀንሳል። በደብሊን የነበረው የአየርላንድ ቤተ መዛግብት በጁን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ተቃጥሏል። የአሜሪካ የ1890 ሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው በ1921 ቃጠሎ ተበላሽቷል። የእንግሊዝና ዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 ነድዷል፤ የ1941ዱ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። ያልተቃጠለውም ቢሆን ወዲያው አይከፈትም፦ አሜሪካ ቆጠራዋን ለ72 ዓመት፣ እንግሊዝ ለ100 ዓመት ዘግተው ይይዛሉ፤ የ1950 የአሜሪካ ቆጠራ የተከፈተው በ2022 ነው። ክፍተት ሲያጋጥም በጎን ይሂዱ፦ ኑዛዜ፣ የመሬት ውል፣ የግብር ዝርዝር፣ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር፣ የፍርድ ቤት ፋይል። ሀብት በነበረበት ቦታ ወረቀት አይጠፋም።

እያንዳንዱ መዝገብ የሚናገረውና የሚደብቀው አለው። ከ1837 ጀምሮ የእንግሊዝ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሁለቱንም ተጋቢዎች አባት ይጠቅሳል፤ የእናቶች ስም የገባው ግን በ2021 ነው። ዕድሜ በሚለው ቦታ «ለአካለ መጠን የደረሰ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ሰውየው 21ም 50ም ሊሆን ይችላል። የ1841 የብሪታንያ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ ያሉትን ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች በአምስት እያጠጋጋ ስለጻፈ፣ «35» የተባለ ሰው እስከ 39 ሊደርስ ይችላል። የፈረንሳይ የልደት መዝገብ ደግሞ ደግ ነው፤ ከ1897 ጀምሮ ልጁ ሲያድግ መቼና ማንን እንዳገባ በኅዳጉ ይጻፍበታል።

ዋናውን ገጽ ይዩ

ድረ ገጽ ላይ ፈልገው የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ማውጫ ነው፤ አንድ ሰው ወይም ማሽን አንብቦ የገለበጠው። ማውጫው ወደ ገጹ ያደርሳል እንጂ ገጹን አይተካም። ዋናው ምስል ላይ ማውጫው የዘለላቸው ነገሮች ይገኛሉ፦ የክርስትና አባት፣ ምስክሮች፣ የሥራ ዓይነት፣ በኅዳግ የተጻፈች አጭር ማስታወሻ።

ስሙ ካልተገኘ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ገልባጩ ነው። በላቲን ፊደል የእጅ ጽሑፍ ትልቁ ኤል ከኤስ፣ ትልቁ አይ ከጄ ይምታታል፤ በድሮ ጽሑፍ ረጅሙ ኤስ ኤፍ ይመስላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፊደል ቀያይሩ፤ ወይም የአባት ስሙን ትተው በመጀመሪያ ስም፣ በዕድሜና በቀበሌው ብቻ ይፈልጉ። የማይነበብ ቃል ሲያጋጥም እዚያው ገጽ ላይ የሚያውቋቸውን የወር ስሞችና የተለመዱ ስሞች ይመልከቱ፤ ጸሐፊው ፊደሎቹን እንዴት እንደሚጥል ከእነሱ ይማራሉ። (ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ይመዘገቡበት በነበረው በኒው ዮርኩ ኤሊስ ደሴት መኮንኖች የሰውን ስም ቀየሩ የሚባለው ታሪክ በሰፊው ይወራል፤ መኮንኖቹ ግን የሚሠሩት መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ይዞት በመጣው ዝርዝር ነበር። ስም የቀየረው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ያውም ዓመታት ቆይቶ።)

ቀኖች ሌላ ወጥመድ አላቸው። በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ባልና ሚስት በጁን 1720 ተጋብተው ልጃቸው በፌብሩዋሪ 1720 ተጠመቀ የሚል መዝገብ ቢያገኙ ልጁ ከጋብቻ በፊት አልተወለደም፤ ያ ፌብሩዋሪ በዛሬ አቆጣጠር የ1721 ነው። 1720/21 ተብሎ ቢጻፍ ጭቅጭቁ ይቀራል። ሩሲያም አቆጣጠሯን የቀየረችው በ1918 ነው፤ ከጃንዋሪ 31 ቀጥሎ የመጣው ቀን ፌብሩዋሪ 14 ነበር።

ሁለት ሰዎች፣ አንድ ስም

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው የዘር ሐረግ የሚሰበረው። የሚፈለገው ሰው በ1780 ገደማ ተወለደ፤ በአጥቢያው መዝገብ ያ ስም ያለው የ1781 ጥምቀት ተገኘ፤ «ተገኘ!» ተብሎ ተጻፈ። ግን በዚያው አጥቢያ፣ በአጎራባቹም፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በዚያ ስም የተጠመቁት ስንት ናቸው? ሁሉንም ዘርዝሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ውድቅ ለማድረግ ይሞክሩ፦ የቀብር መዝገቡን ይፈትሹ፣ በሁለት ዓመቱ የሞተ ልጅ አያት አይሆንም። ሌላው አግብቶ ሌላ ከተማ ከኖረ እሱም ይሰረዝ። የቀሩት ሁለት ከሆኑ በዙሪያቸው ባሉ ሰዎች ይለዩ፦ የጋብቻ ምስክሮች፣ የክርስትና አባቶች፣ ጎረቤቶች፣ በኑዛዜ የተጠቀሱ ሰዎች። ድሃም ሀብታምም ሲሰደድና ሲፈራረም ከሚያውቀው ሰው ጋር ነው፤ የአጎቱ ስም በልጁ ጥምቀት ላይ ከወጣ ትክክለኛው ቤት ደርሰዋል ማለት ነው። መለየት ካልተቻለ ጥያቄ ምልክት ይቀመጥና እዚያው ይቁም።

የፈለጉትንና ያላገኙትንም ይመዝግቡ፦ የትኛው መዝገብ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ በምን ዓይነት አጻጻፍ። ያለዚህ ማስታወሻ ያንኑ ማይክሮፊልም ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ማገላበጥ የተለመደ ነው።

ሌሎች የሠሩት ሐረግ

ፋሚሊሰርችና ዊኪትሪ በሚባሉት የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ላይ ሁሉም ሰው አንድ የጋራ ሐረግ ላይ ይሠራል፤ ሌሎች ገጾች ላይ እያንዳንዱ የየራሱን ይሰቅላል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፣ ሁለቱም ግን ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደሉም። አርባ ሐረጎች አንድ ዓይነት ወላጅ ቢጠቅሱ አርባ ምስክር አልተገኘም፤ አንዱ ሳተ፣ ሠላሳ ዘጠኙ ገለበጡ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ከስሙ ሥር የተያያዘውን ምንጭ ይክፈቱ። ምንጩ «የእገሌ ሐረግ» ብቻ ከሆነ ምንጭ የለም። ከዚያ ሒሳቡን ይሥሩ፦ እናት በስምንት ዓመቷ ወይም ከሞተች በኋላ ወልዳለች? ሁለት ልጆች በአራት ወር ልዩነት ተወልደዋል? እንዲህ ያለ ነገር ብዙውን ጊዜ ሁለት ቤተሰብ በስህተት እንደተዋሐደ ያሳያል።

በጋራ ሐረግ ላይ ስህተት ሲያዩ ወዲያው አይሰርዙ። መዝገቡን አያይዘው ምክንያቱን ይጻፉ፣ ለሠራው ሰው መልእክት ይላኩ፣ ጥቂት ቀን ይጠብቁ። ያለማብራሪያ የተነቀለ ወላጅ በሳምንቱ ተመልሶ ይሰካል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስምና የልደት ቀን ያለፈቃዳቸው አይስቀሉ። የራስዎን ሥራ በየጊዜው በጌድኮም ፋይል (የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት) ያውርዱ፤ ነገር ግን ፎቶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ስለማይወርዱ ለብቻቸው ይቀመጡ።

የዲኤንኤ ምርመራ መዝገብን ይፈትናል እንጂ ስም አይነግርም። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ ይጋራሉ። 25 በመቶ የሚጋራዎ ሰው ግን አያት፣ አጎት ወይም በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኝ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ዕድሜውና መዝገቡ ነው። የቅድመ አያትን ወላጆች የሚጋሩ ዘመዳሞች ደግሞ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ምንም የሚታይ ተዛምዶ ስለማያሳዩ «አልተገናኘንም» ማለት «ዘመድ አይደለንም» ማለት አይደለም። ከመመርመር በፊት ለቤተሰቡ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ፦ ውጤቱ ያልታወቀ ወንድም ወይም ያልተጠበቀ አባት ሊያወጣ ይችላል፤ አንዴ ከወጣ በኋላም መልሶ መደበቅ አይቻልም።