ቮልሶች በመስከረም፦ ከአዲስ አበባ እስከ ዓባይ በረሃ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

አደይ አበባ ሲፈነዳ አሮጌ ቮልሶችን አሰልፎ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ ወደ ዓባይ መውረድን የሚያህል ደስታ የለም። ብልሽት ሲገጥም ግን ኮፈኖ ከመክፈታችሁ በፊት የቆማችሁበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ከደጋ ወደ ቆላ በሚወስደው በዚህ መንገድ አንድ ዓይነት ምልክት ሁለት ተቃራኒ መንስኤ ይኖረዋል።

ሞተሩ ይጠፋል፣ ጥቂት ሲቆይ ይነሣል

ማለዳ እንጦጦ ላይ በጉም ውስጥ ከሆነ ጥፋቱ ቅዝቃዜ ነው። ቤንዚን ሲተን ካርቡሬተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥቡ አየር በውስጡ በረዶ ይሠራና መተላለፊያውን ያጠብባል። የካርቡሬተሩ አንገት በውጭ በኩል ላብ ወይም አመዳይ ይዞ ታዩታላችሁ። ሞተሩ ሲቆም የራሱ ሙቀት በረዶውን ስለሚያቀልጠው መልሶ ይነሣል። ሥሩ ያለው ካርቡሬተሩን ተሸካሚ ቱቦ ሥር በሚያልፈው ቀጭን የማሞቂያ ቱቦ ላይ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እጅ የሚያቃጥል መሆን ሲገባው ከቀዘቀዘ ጥላሸት ደፍኖታል። ለጊዜው መጠበቅ ይበቃል፤ ቤት ስትመለሱ ቱቦውን አስጠርጉት።

ከሰዓት በኋላ በዓባይ በረሃ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ እየፈላ ነው። ኮፈኖውን ክፈቱ፣ ፓምፑንና የቤንዚን ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ውኃው የካንዴላ ገመዶቹን አይንካ። ይህ ከተደጋገመ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን የጎማ መዝጊያ ፈትሹ። እሱ ከተቀደደ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ቬንትሌተሩ ይስበዋል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ተራ ጎማ ይንቁታል፤ እኔ ግን ከአዲስ ቀለም አስቀድሜ የምገዛው እሱን ነው።

ቀዩ የዲናሞ መብራት በራ

ወዲያውኑ ቁሙ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ዲናሞውንና ሞተሩን በአየር የሚያቀዘቅዘውን ቬንትሌተር የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ተበጥሶ ትንሽ መንገድ መሄድ እንኳ ሞተር ያቃጥላል። ለመቀየር 21 ቁልፍና ካቻቢቴ ይበቃል፦ ካቻቢቴውን በዲናሞው ፑሌጃ ቀዳዳ አስደግፋችሁ ዳዶውን ፍቱ። በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል ያሉት ሮንዴላዎች ሲቀነሱ ቺንጊያው ይጠብቃል፣ ሲጨመሩ ይላላል። የተረፉትን ከውጭ በኩል በዳዶው ሥር እሰሩ፣ እንዳይጠፉ። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከገባ ልክ ነው። ቺንጊያው ደህና ሆኖ መብራቱ ከበራ ግን ችግሩ ባትሪ የመሙላት ብቻ ነው፤ መብራት ሳታበሩ በቀን መጓዝ ይቻላል።

ለፎቶ ወደ አበባው ገብቶ መቀርቀር

የሱሉልታ መረሬ ከላይ ደርቆ ከሥር ገና ጭቃ ነው። ጎማው ከተንሸራተተ ቤንዚን አትስጡ፤ የመኪናው ሆድ መሬት ይነካል። ሰው ይውረድ፣ ድንጋይ አንጥፉና በገባችሁበት ፈለግ ወደ ኋላ ግፉ። መሬቱ ባለቤት አለው፤ ሳታስፈቅዱ አትግቡ።

ፍሬን አልይዝ አለ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ፔዳሉ ደንዳና ሆኖ መኪናው ካልቆመና የተቃጠለ ሽታ ካለ የፍሬን ሸራው ግሏል፤ ፔዳሉ እየላላ እስከ ወለል ከወረደ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ያረጀ ዘይት እርጥበት ይዞ ስለሚፈላ ከጉዞው በፊት ይቀየር። ቁልቁለቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ስትቆሙ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ድንጋይ አስደግፉ፤ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ሸራውን ጨምድዶ ይይዛል። ውኃም አትድፉበት፣ ይሰነጠቃል። እባካችሁ፣ ያስደገፋችሁትን ድንጋይ ከአስፋልቱ ሳታነሡ አትሂዱ፤ ማታ የሚመጣ ሾፌር አያየውም።

መልሱ ዳገት ላይ ኃይል ማጣትና ሰልፉ መበጣጠስ

ማርሽ ሳይቀንሱ የሚያቃስት ሞተር ቬንትሌተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ይግላል። ማርሽ ቀንሱ፣ ይጩኽ። በተለይ ከጭነት መኪና ጀርባ ተጣብቃችሁ አትውጡ። ሰልፉን የሚበታትነው ፈጣኑ ከፊት መምራቱ ነው፤ ደካማው መኪና ከመሪው ቀጥሎ ይሁን፣ መካኒኩ መሣሪያውን ይዞ መጨረሻ ይሁን። እያንዳንዱ ሾፌር ከኋላው ያለውን በስፖኪዮ ይጠብቅ፤ ከጠፋበት ሰፊ ትከሻ ባለበት ቦታ ዳር ይዞ ይቁም።