የከርከዴ «ወይን» ጠርሙስ ውስጥ እየተብላላ ሲያስቸግር

መጠጡ አልኮል የሌለው ከርከዴ ነው፤ ማርና ጌሾ ወደ ወይን ጣዕም ያስጠጉታል። በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት በ3ኛው ቀን ክዳኑ ይወጠራል፣ ሲከፈት አረፋው ይገነፍላል፣ ሽታውም ጠጅ ጠጅ ይላል። እንዲህ ከሆነ በኋላ «አልኮል የለውም» ማለት አይቻልም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ውሃው ነበር። አፍልቶ ማቀዝቀዝ ምንም አልለወጠም፤ እርሾው የሚመጣው ከማሩና ከጌሾው ነው። ፍሪጅ አዘገየው እንጂ አላቆመውም (መብራት ሲጠፋማ ያው ነው)። ሁሉንም አንድ ላይ ማፍላት አቆመው፤ ግን የማሩ መዓዛ ተነነ፣ ጌሾውም አንገፈገፈ።

የሠራው፦ 15 ግራም የጌሾ ቅጠል በ1 ሊትር ውሃ ለብቻው 10 ደቂቃ ፈልቶ ይጠለላል። 100 ግራም ደረቅ ከርከዴ በ4 ሊትር ትኩስ ውሃ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ተቀላቅሎ ለብ ሲል 350 ግራም ማር ይገባል፤ ከዚያ በነጠላ ማጥለል። ፒኤች (የኮምጣጣነት ልኬት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ይኮመጥጣል) ከ3.5 በላይ ካሳየ ሎሚ ይጨመር።

ጠርሙሱ ሁለት ጣት ጎደል ብሎ ይሞላ፣ ክዳኑ ላላ ይበል። ድስት ውስጥ ጨርቅ ተነጥፎ ይደርደርና ውሃው እስከ አንገቱ ይድረስ። ቴርሞሜትሩ የሚገባው ክፍት በተተወ አንድ ጠርሙስ መሐል ነው፤ የድስቱን ውሃ መለካት ነው ሁለት ዙር ያበላሸው። መሐሉ 75 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ 15 ደቂቃ። በአረፋ መገመት አይሠራም፤ ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሲወጣ ክዳኑ ወዲያው ይጥበቅ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ጠርሙሱ ይሰነጠቃል።

ከፍሪጅ ውጭ የተቀመጡት ጠርሙሶች በ4ኛው ሳምንትም አልተወጠሩም። ከተከፈተ ፍሪጅ ውስጥ፣ ቢበዛ 4 ቀን።