"ትንሽ ቢነካካ ይነሳል"፦ የተጣበቀ የጀልባ ሞተር ገዝቶ ማስነሳት

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ብትዞሩ በየጓሮው ሸራ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ የጀልባ ሞተር አታጡም። ገመዱን ብትስቡት ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ "ትንሽ ቢነካካ ይነሳል" ይላችኋል። ትንሽ ቢነካካ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ ራሱ ነካክቶ ያስነሳው ነበር።

ቢሆንም መግዛቱ ያዋጣል። የአዲስ ሞተር ዋጋ አይቀመስም። እኔ እስካሁን ሦስት ገዝቼ ሁለቱን አስነስቻለሁ። ሦስተኛው መለዋወጫ ሆኖ ቀርቷል፤ የሱን ታሪክ ወደታች ታገኙታላችሁ።

ሳትከፍሉ በፊት

ለጀማሪ የምመክረው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ያማሃ ቱ ስትሮክ (ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ) ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ክብደቱም ሁለት ሰው አንሥቶ ባጃጅ ላይ የሚጭነው ነው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ሞተር በነፃ ቢሰጧችሁም እለፉት። ለአንዲት ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ስትንከራተቱ ትከርማላችሁ።

መጀመሪያ ማርሹን ፎሌ አድርጉት። ብዙዎቹ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ከሆኑ ገመዱ እንዳይሳብ የሚይዝ መቆለፊያ አላቸው። ከገዛኋቸው ሦስቱ አንዱ እንዲያውም አልተጣበቀም ነበር፤ ማርሽ ውስጥ ነበር። በሆዴ እየሳቅሁ ከፍዬ ወጣሁ።

ቀጥሎ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "እየሠራ ነው የቆመው ወይስ ቆሞ ነው የተጣበቀው?" ቆሞ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ነው፤ ተስፋ አለው። እየሠራ ከሆነ የቆመው ወይ ሙቀት ነው ወይ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ነው፤ ሲሊንደሩ ተፍቋል ማለት ነው። ጣና ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ደለል አለ፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ተጨምሯል። የውሃ መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ነጂው ሳያውቅ ሞተሩ ይጋላል።

መልሱን በደፈናው አትመኑ። ካንዴላዎቹን ፍቱና በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ቡናማ ዝገት ካያችሁ ጥሩ። ግድግዳው ላይ የተለሰነ የሚመስል ብርማ ጭረት ካያችሁ የቀለጠ ፒስተን ነው፤ ዋጋውን በዚያው ልክ አውርዱት። የታችኛውን እግር፣ ጊርቦክሱ ያለበትን፣ ዘይትም ጠብ አድርጋችሁ እዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

እኔ ከሚሠራ ተመሳሳይ ሞተር ዋጋ ሩብ በላይ አልከፍልም። ደላላው ይቆጣል። ይቆጣ።

ማላቀቅ

ቤት እንደደረሳችሁ የታችኛውን እግር ፈትታችሁ አውጡና ቮላኖውን፣ ያን ከላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ በእጅ ሞክሩት። ከዞረ የተጣበቀው ሞተሩ ሳይሆን ጊርቦክሱ ነው። ካልዞረ ሥራው ይጀምራል።

የጀልባ ሞተር ሲቆም ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ናቸው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞተሩን እንደቆመ ዘይት ብታፈሱበት ዘይቱ ታች በኩል ይተኛል፤ የላይኛው የፋሻው ግማሽ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ውስጡ የቀረውን ውሃ በደንብ አንጠፍጥፉና ሞተሩን በፊቱ በኩል አሮጌ ጎማ ላይ አስተኙት። የካንዴላው ቀዳዳዎች ወደ ሰማይ ይዩ።

ከዚያ የመሪ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ በየቀዳዳው አንዳንድ የቡና ሲኒ አፍስሱ። አሴቶን ካጣችሁ ናፍጣ ይሆናል፤ ቀናት ይጨምራል እንጂ። በጣሳ የሚሸጠው የሚረጭ ዝገት ማላቀቂያ ለብሎን ጥሩ ነው፤ ለፒስተን ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን ሁሉ ደጅ ሥሩ፣ ሲጋራም አታጭሱ። አሴቶን እሳት ከሩቅ ይጠራል።

በማግስቱ ያነሰውን ሙሉ። በቀን አንዴ የፈላ ውሃ ከውጭ ሲሊንደሩ ላይ አፍስሱና ይቀዝቅዝ። ፒስተኑ አልሙኒየም ነው፤ የሲሊንደሩ ውስጥ ብረት ነው። ሲሞቁ ሲቀዘቅዙ እኩል አይለጠጡም፤ በመካከል ዘይቱ ይሰርጋል። በእሳት ማሞቅ የሚሉ አሉ። ያ ሁሉ አሴቶን ውስጥ እያለ አይታሰብም።

አሁን ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወዲህና ወዲያ ገፋ ገፋ አድርጉት። ቁልፍ ከተጠቀማችሁ ዳዶው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ብቻ። የፀጉር ያህል ከተነቃነቀ አበቃ፤ ያን ቀን ሌላ ምንም አትሥሩ። ዘይት ጨምሩና ተኙ።

እኔ ሦስተኛውን ሞተር በአራተኛው ቀን ሰለቸኝ። ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት። "ቋ!" አለና ዞረ። ሰፈሩን በእልልታ ልሞላው ምንም አልቀረኝም። በማግስቱ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ስከፍተው አንዱ ፋሻ ተሰብሮ፣ ስባሪው የጭስ መውጫው ቀዳዳ ላይ ተሰንቅሮ ሲሊንደሩን አርሶታል። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሽማግሌው ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደና አወጣው። "ልጄ፣ ይሄ በግማሽ ሚሊ አይጠፋም።" ጭረት የሚጠፋው ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን በመግጠም ነው፤ ለዚህ ሞተር የሚገኘው ትልቁ ፒስተን በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ነው። ከዚያ ያለፈ ጭረት በፒስተን አይድንም።

አሥር ቀን ቢፈጅም ጠብቁ። ያስነሳሁት አንዱ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

ከዞረ በኋላ

ስለዞረ ብቻ አታስነሱት። ቴስታታውን ክፈቱ፣ ፋሻዎቹን ቀይሩ፣ የሲሊንደሩን ዝገት በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አድርጉ። ካርቡሬተሩን ማጠብማ ሳይነገርም የታወቀ ነው።

የውሃ ፓምፑን ጎማ ግን ደህና ቢመስልም ቀይሩት። ስትገጥሙት ዘንጉን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞራችሁ አስገቡ፤ ክንፎቹ በትክክለኛው ጎን ይታጠፋሉ። በውሃ መንገዶቹ ውስጥ ያለውን ደለል በቀጭን ሽቦና በጎማ ውሃ አውጡ። እኔ ከአንዱ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ጭቃ አውጥቻለሁ። የእግሩንም ዘይት ቀይሩ፤ ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ነው የሚሞላው።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ ስትለኩ ቁጥሩ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ዋናው ሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። ልዩነቱ ከአሥር በመቶ ካለፈ እንደገና ክፈቱ።

መጀመሪያ የምታስነሱት ውሃ የሞላ በርሚል ውስጥ ነው። በደረቁ "ለአንድ ሰከንድ ብቻ" ያለ ሰው አዲሱን የፓምፕ ጎማ ያቃጥላል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት በ20 ሊትር ቤንዚን 800 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ 400 ይበቃዋል። ጭሱ ጎረቤት ያማርራል፤ ይቅርታ ጠይቁ።

ከኋላ የምትፈሰው ቀጭን ውሃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልመጣች አጥፉ። ሐይቁ ላይም ዓይናችሁ እሷ ላይ ይሁን። ዘጌ ስትሄዱ እምቦጩ መሀል ከገባችሁና ውሃዋ ከሳሳች ሞተሩን አጥፍታችሁ አንሡት፣ ወንፊቱ ላይ የተጠመጠመውን በእጅ ንቀሉ፣ ክፍት ውሃ እስክትደርሱ ቅዘፉ። መቅዘፊያ ይዛችሁ ነው እንግዲህ የምትወጡት።