በውጭ አገር ያለ ባለሙያ ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጋር የትምህርት ልውውጥ እንዴት ይጀምራል?

እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሲከፍት በመላ አገሪቱ የነበሩት የዘርፉ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ከአገር ቤቶቹ መምህራን ጎን ቆመው አስተማሩ። በኋላ ማስተማሩን እዚያው የሠለጠኑት ሐኪሞች እየተረከቡት ሄዱ። ሥራው የተሳካበት ዋናው ምክንያት ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚያስፈልግ የወሰነው አዲስ አበባ ያለው የትምህርት ክፍል መሆኑ ይመስለኛል። እርስዎም ከዚያ ይነሱ።

መጀመሪያ መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ይፈልጉ። በጤናው ዘርፍ ከሆኑ አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ያቋቋሙት ፒፕል ቱ ፒፕል አለ፤ በአዲስ አበባ የድንገተኛ ሕክምና ትምህርት ሲጀመር ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሠርቷል። በሙያዎ ማኅበር ከሌለ የባቻችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱ። አብረዋችሁ ከተመረቁት መካከል ዛሬ አንዱ ጎንደር፣ ሌላው ጅማ ወይም ሐዋሳ መምህር ሆኖ ያገኙታል። ከማንኛውም ድረ ገጽ ይልቅ የክፍሉን ችግር የሚነግርዎ እሱ ነው።

ከዚያ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይጻፉ። ረጅም የሥራ ልምድ አይላኩ፤ ይጠይቁ። ለምሳሌ የውሃ መሐንዲስ ከሆኑ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሙያዬ የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴሊንግ ነው። በማስተርስ ፕሮግራማችሁ መምህር የጠፋለት ኮርስ ወይም አማካሪ ያጡ ተማሪዎች አሉ? በመጪው ሴሚስተር ሦስት ሳምንት በአካል መጥቼ፣ ቀሪውን በኦንላይን መሥራት እችላለሁ። የሚያስፈልገውን ክፍሉ ቢመርጥልኝ ደስ ይለኛል።»

መልስ ከዘገየ ተስፋ አይቁረጡ፤ በኢሜይል የላኩትን በዋትስአፕ ወይም በስልክ ያስታውሱ። አብዛኛው ጉዳይ የሚያልቀው በስልክ ነው።

ሥራውን ትንሽ ያድርጉት፦ በብሎክ፣ ማለትም በጥቂት ሳምንት ተጠቅልሎ፣ የሚሰጥ አንድ ኮርስ ወይም የሁለት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር ይበቃል። አንድ ነገር ላይ ግን አይደራደሩ፤ ክፍሉ አቻ መምህር ይመድብልዎት። እሱ ክፍል ውስጥ አብሮ ይገባል፣ ፈተናውን አብሮ ያወጣል፣ አብሮ ያርማል። በሚቀጥለው ዓመት ግማሹን፣ ከዚያም ሙሉውን እሱ ያስተምራል። አቻ መምህር የሌለው ኮርስ እርስዎ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ያበቃል፤ ብዙ በጎ ሐሳብ የባከነው በዚህ ነው።

ጊዜውን ከክፍሉ ጋር ይቁረጡ። ብዙዎቻችን እረፍት የምናገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ መደበኛ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ካላንደሩም ከዓመት ዓመት ስለሚዛነፍ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የሴሚስተሩን ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ወረቀቱ ቀላል ነው። በዩኒቨርሲቲዎቹ መካከል የመግባቢያ ሰነድ እስኪፈረም አይጠብቁ፤ ለመጀመሪያው ዙር ማኅተም ያለበት የግብዣ ደብዳቤ ይበቃል። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያውጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቪዛም የሥራ ፈቃድም አይጠየቁበትም።

ወጪን በተመለከተ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ነበሩ፣ አሉም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1977 ቱርክ ውስጥ የጀመረው ቶክተን በውጭ ያሉ ባለሙያዎች ለአጭር ጊዜ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው እንዲሠሩ የጉዞና የኑሮ ወጪያቸውን ይሸፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የካርኔጊ የአፍሪካ ዳያስፖራ ፌሎሺፕ ደግሞ አሜሪካና ካናዳ የሚያስተምሩ የአፍሪካ ተወላጆችን ከ14 እስከ 90 ቀን ይልክ ነበር፤ የፕሮጀክት ጥያቄውን የሚያቀርበው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ስለዚህ የትኛውንም ድጋፍ ሲያስቡ ማን እንደሚያመለክትና አገራችን በዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን አስቀድመው ይዩ። የራስዎ መሥሪያ ቤትም የጥናት ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

የማስተማሪያውን ዝግጅት አይናቁ። ቢሮዎ በውድ ፈቃድ የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ተማሪው አያገኘውም። የከርሰ ምድር ውሃው ኮርስ በነፃ በሚገኘው ሞድፍሎው ይሰጥ። ሶፍትዌሩን፣ ዳታውንና ንባቡን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ ትምህርቱ እንዳይቆም። የላብራቶሪ ሥራ ካለው ደግሞ ማሽኑ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ኬሚካሉ መኖሩንም አቻ መምህሩ አይቶ ፎቶ ይላክልዎት።

ልውውጥ ሲባል በሁለቱም በኩል ነውና ከእርስዎ ጋር የሠራው መምህር እርስዎ ያሉበት ቤተ ሙከራ ጥቂት ወራት የሚቆይበትን ዕድል ይፈልጉ። ቪዛው ጊዜ ስለሚወስድ ቶሎ ይጀምሩ። አብራችሁ ምርምር ከሠራችሁ በጽሑፉ ላይ የማን ስም እንደሚቀድምና ዳታው የት እንደሚቀመጥ ገና ከመነሻው ተስማሙ። ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከሆነ የአገር ቤቱ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የግድ ነው።

ከመመለስዎ በፊት ከኃላፊውና ከአቻ መምህሩ ጋር ተቀምጣችሁ የሚቀጥለውን ዙር ወር ወስኑ፤ ከኮርሱ የትኞቹን ምዕራፎች እሱ እንደሚይዝም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።