መርከብ ላይ የሁለት ሰው ጠረጴዛ እንዴት ይገኛል?

አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ግን የሽርሽር መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው፣ ከደሴም ይሁን ከዚሁ፣ አሜሪካ ያለች ልጁ «መርከብ ላሳፍራችሁ» ስትለው እኔ ጋ ይመጣል። ስለ ማዕበሉ ይጠይቁኛል ስል የሚጠይቁኝ ስለ ጠረጴዛ ነው። «ከማናውቀው ሰው ጋር ደርበው ያስቀምጣሉ አሉ። እውነት ነው እንዴ?»

እውነት ነው። ዋናው መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ አብዛኛው ጠረጴዛ ለአራት፣ ለስድስት፣ ለስምንት ሰው የተዘጋጀ ነው። የሁለት ሰው ጠረጴዛም አለ፤ ግን ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ደግሞ ብዙ። የሚያገኘው ቀድሞ የጠየቀና መጠየቅ ያለበትን ሰው የጠየቀ ነው።

ብዙዎቹ ይህን የሚጠይቁኝ እያፈሩ ነው። አልፈርድባቸውም። አይጠየፍ አዳራሽ ባለበት ከተማ ያደገ፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል የኖረ ሰው፣ ለብቻዬ ልብላ ማለት ኩራት ይመስለዋል። አብሽሩ። መርከብ ላይ ይህ በየቀኑ የሚመጣ ተራ ጥያቄ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ደግሞስ እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው እናትና አባት ሳምንት ሙሉ በየማታው የስድስት ፈረንጅ ጥያቄ እየመለሱ መብላት ምኑ እረፍት ነው? የሙሽሮቹንማ ተዉት።

ትኬቱ ሲቆረጥ

ትኬቱን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ልጅ ስለሆነ ይህን ክፍል ለእሷ ላኩላት። ምዝገባው ላይ ስለ እራት ምርጫ ይቀርባል።

አንደኛው ቋሚ እራት ነው። ሰዓቱም፣ ጠረጴዛውም፣ አስተናጋጁም እስከ ጉዞው መጨረሻ አይለወጥም። የመጀመሪያው ዙር ከ11፡30 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 2፡30። ይህን ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። መርከቡ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ካርዱ ላይ 6፡00 ካለ ምሽት 12 ሰዓት ማለት ነው። ለወላጆቻችሁ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። 11፡30 ለደሴ ሰው ገና መክሰስ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ካሪቢያን ላይ አዛውንቶችና ልጅ የያዙ ቤተሰቦች የሚሻሙት ይህንኑ ዙር ነው፤ ቶሎ ይሞላል።

ሁለተኛው በፈለጋችሁት ሰዓት የምትገቡበት ነው። ኖርዌጂያን የሚባለው የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 «ፍሪስታይል» ብሎ አመጣው። ዛሬ ሮያል ካሪቢያን «ማይ ታይም»፣ ካርኒቫል «ዩር ታይም»፣ ፕሪንሰስ «ዳይን ማይ ዌይ» ይሉታል። ስሙ ቢለያይም አሠራሩ ይቀራረባል።

የቱንም ብትመርጡ፣ የጠረጴዛ መጠን የሚጠይቅ ቦታ ካለ «ሁለት» ብላችሁ ሙሉ። ከሌለ ኩባንያው ጋ ወይም ትኬት ወኪሉ ጋ ደውላችሁ ምዝገባችሁ ላይ አስጽፉት። ይህ ግን ጥያቄ ነው እንጂ ውል አይደለም። የመጀመሪያው ማታ በር ላይ ሲጨቃጨቁ የማያቸው ሰዎች ይህን ልዩነት ያልተረዱት ነበሩ።

ለማን የቱ ይሻላል?

የሁለት ሰው ጠረጴዛ በቀላሉ የሚገኘው በነፃው ሰዓት፣ ማለትም በፈለጋችሁት ሰዓት በምትገቡበት እራት ነው። ዛሬ ባይሳካ ነገ ሌላ ሰዓት ትሞክራላችሁ። ሙሽሮች ይህንን ያዙ።

ለወላጆች ግን ቋሚውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ምግቡ ነው። ሐላል ሥጋ የሚፈልግ ሰው ከጉዞው ሳምንታት በፊት ለኩባንያው ማሳወቅ አለበት። ሁሉም መርከብ ስለማያቀርብ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት መጠየቅ ይበልጥ ይሻላል። ጾመኛ ደግሞ «ቪጋን» ብሎ ያስመዝግብ። «ቬጀቴሪያን» ካለ ቅቤውም አይቡም ይመጣለታል። ብዙ መርከቦች ላይ የሕንድ የአትክልት ምግብ አይጠፋም፤ ምስሩም ሽምብራውም ቅመም ስላለው ለእኛ አፍ ይቀርባል። ቅቤ እንዳይገባበት መናገር ብቻ ነው።

ቋሚ ጠረጴዛ ላይ ይህን ሁሉ የምታስረዱት አንድ ጊዜ ነው። አስተናጋጁ ያው ሰው ነው። የነገውን ሜኑ ዛሬ ማታ ያመጣላችኋል፣ ትመርጣላችሁ፣ ኩሽናው ለይቶ ያዘጋጃል። በሦስተኛው ማታ ሳትናገሩ ያውቃችኋል። በነፃው ሰዓት ግን አዲስ ሰው በገጠማችሁ ቁጥር ከሀ መጀመር ነው። ነፃውን ከያዛችሁ በኋላ ይህ ካስቸገራችሁ፣ የወደዳችሁትን አስተናጋጅ ስም ያዙና በየማታው በአንድ ሰዓት እሱ ጋ እንዲያስቀምጧችሁ ጠይቁ። ቦታ ካለ ያደርጉታል።

የመሳፈሪያው ቀን

ጉዳዩ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ሰው ሁሉ መርከቡን እንደረገጠ ወደ ቡፌ ይሮጣል። እናንተ መጀመሪያ ካርዳችሁን ወይም የመርከቡን አፕ እዩ። ቋሚ እራት ከሆነ የአዳራሹ ስምና የጠረጴዛ ቁጥራችሁ እዚያ ላይ አለ። ከዚያ የቀኑን ፕሮግራም ተመልከቱ። የጠረጴዛ ለውጥ የሚስተናገድበት ሰዓትና ቦታ ተጽፎበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ በር አካባቢ ነው። ካልተጻፈ እንግዳ መቀበያውን ጠይቁ። ሲጀመር ድረሱ። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው፣ ሰኞ ገበያ ከመሸ እንደሚወርድ ሸማች፣ የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

የምታናግሩት ሰው የአዳራሹ ኃላፊ ነው፤ መርከብ ላይ «ሜትር ዲ» ይሉታል። የመቀመጫው ዝርዝር እሱ እጅ ነው። አስተናጋጁን ብትለምኑት ፈገግ ከማለት በቀር ምንም አያደርግላችሁም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ሥልጣኑ አልነበረኝም።

ንግግሩ አጭር ይሁን። «ቴብል ፎር ቱ፣ ፕሊስ» በሉና እውነተኛውን ምክንያት ጨምሩ፦ የጋብቻ በዓላችን ነው፣ ጆሮዬ ጫጫታ ውስጥ አይሰማም፣ እንግሊዝኛችን ትንሽ ነው። ምክንያቱን ስታሳውቁት ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ለመወሰን ትረዱታላችሁ። በቅርቡ ደሴ ካለው ቧንቧ ውሃ ሰፈር የመጡ ባልና ሚስት እኔው ቤት ውስጥ ሲለማመዱት ነበር። እትዬ አሥር ጊዜ እየደጋገሙ ሲያስጠኗቸው ሐጂ ሻያቸውን አስቀመጡና «አንተ ልጅ፣ ሐጅ ስሄድ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሁም» አሉኝ። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው ሄዱ። ትበቃለች።

«ዛሬ ሞልቷል» ካለ አትከራከሩ። ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ እንዲጽፋችሁ ጠይቁና በማግስቱ ተመለሱ። የመጀመሪያው ማታ ሲያልፍ ብዙ ነገር ይገለጣል። ያልመጣ አለ፣ ዙር የቀየረ አለ፣ እራቱን ቡፌ ላይ የሚበላ አለ። ሜትር ዲው ባዶ ወንበሮቹን ቆጥሮ ጠረጴዛ የሚያቀያይረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው።

እስከዚያው የተመደበላችሁ የስምንት ሰው ጠረጴዛ ከሆነ፣ እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ማታ እዚያ አልቀመጥም። ከተዋወቁና ስም ከተለዋወጡ በኋላ መነሳት ከባድ ነው። ጠረጴዛ የቀየረ ሰው የድሮ ባልደረቦቹን መተላለፊያ ላይ ሲያይ አንገቱን ሲደፋ ስንቴ አይቻለሁ። ያን ማታ ቡፌ ብሉ፤ ምንም አይቀርባችሁም።

ገንዘብ ቀድሞ ስለ መስጠት ይጠይቁኛል። መርከብ ላይ በየቀኑ በየሰው የአገልግሎት ክፍያ ሂሳባችሁ ላይ ይታሰባል፤ በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ግዴታ የለም። ብር አጥፎ እጅ ውስጥ ማስገባት የሚወዱ ተሳፋሪዎች አሉ፤ እኔ አልወደውም። ሰውዬው ከደከመላችሁ መጨረሻ ላይ አመስግናችሁ ስጡት።

የሁለት ሁሉ የብቻ አይደለም

ይህን ማንም አይነግራችሁም። ብዙ መርከቦች የሁለት ሰው ጠረጴዛዎችን በረድፍ ይደረድሯቸዋል። በእናንተና በጎረቤታችሁ መካከል ያለው ስንዝር ቢሆን ነው። ጎረቤት ሹካውን ሲያነሳ ይሰማችኋል። በስም የሁለት ነው፣ በተግባር የአሥር። ስለዚህ ጠረጴዛውን ከመቀበላችሁ በፊት «ማየት እንችላለን?» በሉ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጭር ስለሚል ያሳዩዋችኋል።

ጥግ ካለ ጥጉን ያዙ። ሁለት ፎቅ የሆነ አዳራሽ ከሆነ ላይኛው ፎቅ ላይ በረንዳውን ተጠግተው ያሉት ደህና ናቸው። ከኩሽናው በርና አስተናጋጆች ሳህን ከሚያስቀምጡበት ባንኮኒ ራቁ፤ እኛ እዚያ ብዙ እናወራለን። ሁሉም የሚሻማው መስኮቱን ነው። ለመጀመሪያው ዙር ያምራል፣ ጀምበሯ ስትጠልቅ ታያላችሁ። በሁለተኛው ዙር ግን ብዙ ጊዜ ውጭው ጨለማ ነው፤ መስታወቱ ላይ የምታዩት ራሳችሁን ነው። ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ከመርከቡ ኋላ ይልቅ መሃል ላይ ያለውን አዳራሽ ይጠይቅ፤ ኋላ ላይ መንቀጥቀጡ ይበረታል።

በነፃው ሰዓት ለምትበሉ፣ ሰልፉ የሚበረታው ከምሽቱ 12፡30 እስከ 1፡30 ነው። በሩ ሲከፈት ድረሱ ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ኑ። መርከቡ ወደብ ላይ እስከ ማታ በሚቆምበት ቀን ብዙ ሰው ውጭ ስለሚበላ አዳራሹ ይሳሳል። አፑ ላይ ሰዓት ማስያዝ የሚቻል ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ያዙ።

ኪስ ከፈቀደ

እያንዳንዱ ትልቅ መርከብ ተጨማሪ የሚያስከፍሉ ትናንሽ ሬስቶራንቶች አሉት፤ የስቴክ ቤት፣ የጣሊያን ቤት። እዚያ የሁለት ሰው ጠረጴዛ በብዛት አለ፣ መብራቱም ደብዘዝ ያለ ነው። አንድ ማታ ብቻ ከሆነ የምትከፍሉት፣ የመጀመሪያውን ማታ ምረጡ። ገና ሰው ስላልለመዳቸው ባዶ ይሆናሉ፤ አንዳንዴም ቅናሽ ያደርጋሉ። ከቴፓንያኪ ግን ተጠንቀቁ። ምግብ አብሳዩ ፊታችሁ እየጠበሰ የሚያጫውትበት ስለሆነ ምጣዱን ከብበው የሚቀመጡት ከሌሎች ጋር ነው። ክፍያው የግል፣ ጠረጴዛው የጋራ።

በረንዳ ያለው ክፍል ከያዛችሁ እራት እዚያው ማዘዝ ይቻላል። ፕሪንሰስ በረንዳ ላይ ለሁለት ሰው የሚዘረጋ ባለ ብዙ ኮርስ እራት በክፍያ ያቀርባል። ኪዩናርድ የሚባለው ኩባንያ መርከቦች ላይ የስዊት (የሰፋፊዎቹ ውድ ክፍሎች) ተሳፋሪዎች «ግሪል» የሚባል የራሳቸው ሬስቶራንት አላቸው፤ እስከ መጨረሻው ጠረጴዛቸው የራሳቸው ነው፣ በአገልግሎቱ ሰዓት ውስጥ ባሻቸው ጊዜ ይገባሉ። ዋጋው ግን ለኔ ቢጤ አይወራም።

ልጃችሁ የወንዝ መርከብ ከሆነ የምትቆርጥላችሁ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። አዳራሹ አንድ ነው፣ የሁለት ሰው ጠረጴዛው እጅግ ጥቂት ነው። እዚያ በር ሲከፈት መድረስ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ቁርስና ምሳ

ማታ የሁለት ሰው ጠረጴዛ ያገኘ ሰው ጠዋት ላይ ይደነግጣል። ቁርስና ምሳ ላይ ቋሚ ጠረጴዛ የለም። በር ላይ ያለው ሰው እንደመጣችሁ ቅደም ተከተል ትልልቁን ጠረጴዛ ይሞላል። «ሼሪንግ ኦኬ?» ብሎ ከጠየቃችሁ «ኖ፣ ጀስት ቱ፣ ዊ ካን ዌይት» በሉ። እንጠብቃለን የሚለውን አትርሱ፤ ያኔ ፊቱ ይፈታል።

መጠበቅ ካልፈለጋችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ብሉ። ብዙ መርከቦች ላይ ቡና፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ የመሳሰለ ቀለል ያለ ቁርስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ክፍል ድረስ ይመጣል። በር ላይ የሚንጠለጠል ካርድ አለ ወይም አፑ ላይ ታዛላችሁ። የምትፈልጉትን ምልክት አድርጉበት፣ ሰዓቱን በፈረንጅ ሙሉ፣ ከመተኛታችሁ በፊት እጀታው ላይ አንጠልጥሉት።