ተሳቢ ለምትጎትቱ፦ ሞተሩን ከማስነካታችሁ በፊት

«መኪናው ጉልበት አነሰው» ብላችሁ የሞተሩን ኮምፒውተር ለማስቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ጭነትን ከቆመበት የሚያስነሳው ቶርክ (የማሽከርከር ኃይል) ነው፤ የፈረስ ጉልበት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

መጀመሪያ የጠፋ ጉልበት ካለ መልሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ፣ ከቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ከሚልከው) ወደ ኢንተርኩለር (ያንን አየር ወደሚያቀዘቅዘው) የሚሄዱትን ቱቦዎች መገጣጠሚያቸው ላይ በእጃችሁ ዳስሱ። በዘይት የረጠበ፣ ማሰሪያው የላላ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ካለ አየር እያመለጠ ሊሆን ይችላል። የአየር ማጣሪያውንም እግረ መንገዳችሁን እዩት።

ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ዙሩን ቀንሶ ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ጥርስ። እኔ ብሆን ከሞተሩ በፊት የምነካው እሱን ነው። የጥርሱ ምጥጥን (ሬሾ) 3.55 የነበረው በ4.10 ሲቀየር፣ ሞተሩ ምንም ሳይነካ ጎማው ላይ የሚደርሰው ቶርክ 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። ዳገት ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። በእርግጥ ሜዳ ላይ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል። ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነ የፊቱም የኋላውም አብሮ መቀየር አለበት፤ ፍጥነት መቁጠሪያውም ይስተካከል።

የግድ የሞተሩን ጉልበት ካስጨመራችሁ የጭስ ሙቀት ጌጅ አስገጥሙ። የዲዝል ሞተር የጭስ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ ረጅም ዳገት ከተጎተተበት ፒስተኑም ቱርቦውም ሊጎዳ ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ሞተሩ ስለጠነከረ ፋብሪካው ከወሰነው ክብደት በላይ አትጎትቱ። ፍሬኑ፣ ሻንሲውና የተሳቢው መንጠቆ ያው የድሮዎቹ ናቸው።