ባይነሪን በባቄላና በገብስ፦ አሃዝ እየገለበጡ ተከታታይ ቁጥር ማውጣት

ባይነሪ ማንኛውንም ቁጥር በ1 እና በ0 ብቻ መጻፍ ነው፤ የቦታዎቹ ዋጋ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ በእጥፍ ያድጋል። እዚህ ባቄላ 1 ነው፣ ገብስ 0። ከየዓይነቱ 8 ፍሬ ከያዛችሁ እስከ 255 ያለውን ቁጥር ሁሉ ትሠሩበታላችሁ። መለማመጃችን 130 ይሁን፣ የአዲስ አበባና የደብረ ብርሃን ርቀት በኪሎ ሜትር። ሰው የሚሳሳትበትን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ቁጥር ነው።

1 እስክትደርሱ እያጋመሳችሁ ወደ ታች ጻፉ፤ የተረፈችውን ግማሽ ጣሏት፦ 130፣ 65፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። (በውጭ አገር «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉት ዘዴም የሚነሳው ከዚሁ ማጋመስ ነው።) ከጎዶሎው ጎን ባቄላ፣ ከተጋማሹ ጎን ገብስ አስቀምጡና ከታች ወደ ላይ አንብቡ፦ 10000010። ደጅ ከሆናችሁ ነፋሱ ገብሱን እንዳይወስደው ሰፌድ ላይ ሥሩ፤ አንድ ገብስ ከጠፋ ቦታው ተዘግቶ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

ከላይ ወደ ታች ያነበበ 01000001 ያገኛል፣ 65 ማለት ነው። ይህ ስህተት ግን አይጣልም፤ አሃዝ መገልበጥ ማለት ይኸው ነው። ከ1 እስከ 16 ሲገለበጡ 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 5፣ 3፣ 7፣ 1፣ 9፣ 5፣ 13፣ 3፣ 11፣ 7፣ 15፣ 1 ይወጣሉ። 65ን መልሳችሁ ብትገለብጡት ግን 130 አይመጣም፣ ያው 65 ነው። ግንባር ላይ የወደቀው ገብስ ዋጋ ስለሌለው ቀርቷል። ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ እንዲሁ ነው። እንዲመለስላችሁ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ «8 ቦታ» ብላችሁ ወስኑ፣ የግንባሩንም ገብስ አታንሱ። ያን ጊዜ 1 ሲገለበጥ 128 ይሆናል፤ ተከታታዩም ሌላ ነው።

ባቄላውን በገብስ፣ ገብሱን በባቄላ መለወጥም ይቻላል። 130 ያኔ 01111101 ይሆናል፣ 125። ማረጋገጫው ድምር ነው፦ 130 ሲደመር 125፣ 255። ቁጥሩን በራሱ ርዝመት ብቻ ከለወጣችሁ ከ1 እስከ 8 ያሉት 0፣ 1፣ 0፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0፣ 7 ይሰጣሉ። በ8 ቦታ ከሆነ 1 ራሱ 254 ነው። ሁለቱን አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ መቀላቀል የጀማሪ ሁሉ ጣጣ ነው።

ከሁሉ የሚጥመው ግንባሩን ባቄላ አንስቶ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ነው። 130 ወደ 00000101 ይዞራል፣ 5። 130 ሰው ክብ ሠርቶ ቢቀመጥ፣ ከ2ኛው ጀምሮ አንድ እየተዘለለ አንድ ቢነሳ፣ የሚቀረው 5ኛው ነው። ካላመናችሁ በ6 ባቄላ ሞክሩት፦ 110 ዞሮ 101 ይሆናል፣ ሰፌዱ ላይም 5ኛው ይቀራል።